ከ3 ሜትር በታች

የእህቴ ባል በፋሲካ ዕረፍት፣ በእስራኤል የቀይ ባሕር ዳርቻ ከተማ በኤይላት፣ ባሕር ውስጥ ሲጠልቅ የጋብቻ ቀለበቱን 9 ሜትር ጥልቀት ላይ ጣለ። ጓንቱን ሲያወልቅ አብሮ ወጣበት። እህቴ ደውላ «ጋሼ፣ አንተ ከባሕር ሥር የማታወጣው ነገር የለም ትላለህ፤ እስቲ እንይህ» አለችኝ። አሸዋ ሥር የተቀበረ ብረት ሲያገኝ ድምፅ የሚያሰማውን አዲሱን ሜታል ዲቴክተሬን መኪና ላይ ጭኜ ከምኖርበት ከነታንያ ወረድኩ።

የዲቴክተሩ ሳጥን «ውኃ አያስገባም» ይላል። አልዋሸም፤ እስከ 3 ሜትር አያስገባም። ቁጥሩን ከመመሪያው ውስጥ ያነበብኩት ግን ስክሪኑ ሥር ውኃ ሲዋልል ካየሁ በኋላ ነው። 10 ሜትር ላይ ያለው ግፊት ከባሕሩ ገጽ እጥፍ ነው፤ ዕድሜዬን በኤሌክትሪክ ሥራ የፈጀሁ ሰው ይህን ሳላሰላ መግባቴ እስካሁን ያናድደኛል።

ስለዚህ ሁለተኛውን ስገዛ ከስክሪኑ ውበት በፊት የጥልቀቱን ቁጥር ጠየቅኩ። ሚኔላብ ኢኩዊኖክስ 900 ዝናው ትልቅ ነው፤ የተሠራው ግን ለ5 ሜትር ነው። ደረቱ ድረስ ገብቶ ለሚፈልግ ሰው ግሩም ነው፣ ለእኔ ግን አይሆንም። የአየር ሲሊንደር ተሸክሞ ለሚጠልቅ የሚሆኑት ጥቂት ናቸው፦ የሚኔላብ ኤክስካሊበር 2፣ የጋሬት ሲ ሃንተር ማርክ 2፣ የቱርኩ ኖክታ ፐልስዳይቭ። ሦስቱም 60 ሜትርና ከዚያ በላይ ይችላሉ፤ እኔ ደግሞ ከ30 ሜትር አላልፍም።

ከዚያ ወዲያ ጨው ይመጣል። ጨዋማ ውኃ ራሱ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ በአንድ ድግግሞሽ (ፍሪኩዌንሲ) ብቻ የሚሠራ ተራ ዲቴክተር ባሕር ውስጥ ሲገባ ምንም በሌለበት ይንጫጫል። ኤክስካሊበር ብዙ ድግግሞሾችን አንድ ላይ ልኮ የጨውን ድምፅ ለይቶ ያወጣል። ሌሎቹ ሁለቱ ፐልስ ኢንዳክሽን የሚባሉት ናቸው፦ ጥቅልል ሽቦው ኃይለኛ ምት ይልክና ዝም ብሎ ያዳምጣል። በብረት ውስጥ የተነሣው የኤሌክትሪክ ጅረት ቀስ ብሎ ይሞታል፤ በጨው ውኃ ውስጥ የተነሣው ግን መሣሪያው ጆሮውን ሳይከፍት ጠፍቷል። ይህ ዘዴ እንደ ሙያዬ ሰው ልቤን ይማርከዋል። ችግሩ ወርቁንና ሚስማሩን መለየት ላይ ደካማ መሆኑ ነው። ድምፅ በሰማህ ቁጥር መቆፈር ነው።

የጠላቂ ጓደኛዬ ኤክስካሊበርን ግዛ ብሎ ሲጨቀጭቀኝ ከረመ። እሱ የሚጠልቀው ዝገት በሞላበት በአሮጌ ወደብ አካባቢ ስለሆነ እውነት አለው። እኔ ግን ፐልስዳይቭን መረጥኩ። አንዱ ምክንያቴ መሣሪያው ብረት ሲያገኝ መንቀጥቀጡ ነው፤ ጆሮዬ በጎማ ልብስ ተሸፍኖ፣ አረፋው አጠገቤ እየተንፈቀፈቀ፣ በእጄ መስማት ይቀለኛል። ብሉቱዝ ማዳመጫ ደግሞ ውኃ ውስጥ አይሠራም፤ ሻጩ ይህን ሳይነግረኝ ሊሸጥልኝ ነበር።

ሌላው ምክንያቴ በሜዲትራኒያን ዳር ያለችው የነታንያ አሸዋ ነው። በዚህ የባሕር ዳርቻ ያለውን አሸዋ ከአባይ አፍ እየገፋ ያመጣው የባሕሩ ሞገድ ነው፤ ውስጡ ያለው ጥቁር ከባድ ማዕድን አብዛኛው ከእኛ ከኢትዮጵያ ተራሮች የታጠበ ነው። «አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ሲሉ አባቶቻችን ጎንደርን አጥቦ ነታንያ እንደሚያራግፍ አስበው ይሆን? ያ ጥቁር አሸዋ ተራውን ዲቴክተር ያሳብደዋል፤ ፐልሱ ግን ብዙም አይሰማው።

ሕጉንም ሳይጠይቁ አይገባም። እዚህ አገር እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው የቅርስ ሕግ ከ1700 በፊት በሰው እጅ የተሠራን ነገር ቅርስ ይለዋል፤ ያለ ፈቃድ መፈለግ ክልክል ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በጥንታዊው ቂሳርያ ወደብ ላይ የጠለቁ ሰዎች መጀመሪያ የልጆች መጫወቻ የመሰላቸውን ሳንቲም አይተው ለቅርስ ባለሥልጣን ባያሳውቁ ኖሮ፣ በኋላ በዲቴክተር ተፈልጎ የወጣው ከሺህ ዓመት ገደማ በፊት ግብፅን ይገዙ የነበሩት የፋጢማውያን 2,000 ገደማ የወርቅ ሳንቲም ነገር እንዴት ይሆን ነበር?

ኤይላት ተመለስኩ። ከኮራሉ ጥብቅ ክልል ውጭ፣ ቀለበቱ ወደቀ የተባለው አሸዋማ ቦታ ላይ ገመድ ዘርግቼ በክብ እየዞርኩ ሦስት ጊዜ ጠለቅኩ። የጠላቂ ቢላዬን ከጭኔ ፈትቼ ጀልባ ላይ ትቼዋለሁ፤ ያለዚያ ዲቴክተሩ እሱኑ ነው የሚያገኘው። አሥራ አንድ የዓሣ አጥማጅ እርሳስ፣ የጠርሙስ ክዳን፣ የጣሳ መክፈቻ፣ አንድ ቁልፍ አወጣሁ። በሦስተኛው ላይ፣ አንድ ስንዝር አሸዋ በእጄ ጠርጌ፣ ወርቅ አየሁ።

እህቴ ቀለበቱን ተቀብላ አገላበጠችው። በትንሿ ጣቷ ላይ ሞከረችው፤ ልክ ሆነ።

«ጋሼ፣ ይህ የሴት ነው» አለች። ከዚያም ወደ ባሏ ዞራ «ያን ቀን ከማን ጋር ነበር የጠለቅኸው?»