ሊጡ ስንት ሰዓት ላይ ተቦካ?

በትንሽ ከተማ ዳቦ ቤት ዙሪያ የሚሽከረከር የወንጀል ልቦለድ መጻፍ ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ነው። ወዳጆቹ «ኮዚ ሚስትሪ» ይሉታል። ግድያ አለ፣ ደም ግን አይታይም። መርማሪዋ ፖሊስ አይደለችም፤ እጇ ከዱቄት የማይለይ ባለሙያ ናት። ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ60,000 እስከ 80,000 ቃላት ይሆናል። ብዙዎቹ የሚወድቁበት ቦታ አንድ ነው፦ ምግቡ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ዳቦ ቤቱን በአበባ ሱቅ ብትተኩት ታሪኩ ምንም የማይጎድልበት ከሆነ፣ ያ ሁሉ የቅቤና የቀረፋ ሽታ ገጽ ከመሙላት ያለፈ ሥራ አልሠራም።

መርዙን ተዉት። ኬክ ሲቆረስ አንባቢው አስቀድሞ ይጠረጥራል። እንግሊዛዊው የወንጀል ልቦለድ ጸሐፊ ሮናልድ ኖክስ እ.ኤ.አ. በ1929 ለመርማሪ ልቦለድ ባወጣቸው አሥር ሕጎች ውስጥ ማንም የማያውቀውን መርዝ፣ መጨረሻ ላይ ረጅም ሳይንሳዊ ማብራሪያ ከሚፈልግ መሣሪያ ጋር አብሮ ከልክሏል። ወጥ ቤት ውስጥ ከመርዝ የተሻለ ነገር አለ፤ ሰዓት።

ሊጥ ሰዓት ነው። 1 ኪሎ ዱቄት በ650 ግራም ውሃ፣ በ20 ግራም ጨውና በ10 ግራም ፈጣን ደረቅ እርሾ ቢቦካ፣ 25 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ ከ1 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ኩፍ ብሎ እጥፍ ይሆናል። 4 ዲግሪ ፍሪጅ ውስጥ ከገባ ሌሊቱን ሙሉ ያዘግማል። ከልክ በላይ ከቆየ ደግሞ መሐሉ ይሰረጉዳል፣ የአልኮል ሽታም ያመጣል። ይህን የምታውቅ ዳቦ ጋጋሪ ሬሳውን ሳታይ ሳህኑን ብቻ አይታ የምትናገረው ነገር አላት። አንድ ተራ ሰው ለምን ከፖሊስ ቀድሞ ነገሩን ይደርስበታል ለሚለው የዘውጉ አሮጌ ጥያቄም መልሱ ይኸው ነው።

አንድ ምሳሌ። ባለቤቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ሞቶ ተገኘ። ሊጡ ልክ እጥፍ ሆኗል። ፖሊስ አስልቶ «ከ10፡30 እስከ 11 ባለው ጊዜ ያቦካው ነው፤ ያኔ በሕይወት ነበር» ይላል። ከ9፡45 ጀምሮ ምስክር ያለው ተጠርጣሪ ነፃ ወጣ። እውነቱ ግን ገዳዩ ሥራውን የጨረሰው በ9 ሰዓት ነው፤ ከዚያ ሊጡን ራሱ በበረዶ ውሃ አቡክቶ፣ እርሾውንም ቀንሶ ሄዷል። ሰዓቱን ወደፊት ገፋው ማለት ነው። የረሳው ጨውን ነው።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ራሱ ይሳሳታል። ጨው እርሾን ይገታል፤ ከሌለ ሊጡ ይፈጥናል። ስለዚህ የበረዶ ውሃው ብቻ አይበቃም፣ እርሾውን ወደ 5 ግራም ወይም ከዚያ በታች አውርዱት። ከመጻፋችሁ በፊትም አንድ ሌሊት በእጃችሁ አቡኩት፣ በየግማሽ ሰዓቱ ከፍታውን ሳህኑ ላይ ምልክት አድርጉ። ዳቦ ጋጋሪ አንባቢ ምሕረት የለውም።

ፍንጩ ደግሞ በግልጽ መታየት አለበት፤ መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ ወዲያው ለአንባቢ ማሳየት ከኖክስ ሕጎች አንዱ ነው። ጨው የሌለው ሊጥ ይላላል፣ እጅ ላይም ይለጠፋል። ምዕራፍ ሦስት ላይ ተለማማጁ ልጅ ሊጡ እጁ ላይ ተጣብቆበት ሲነጫነጭ፣ ሌሎቹ ይሳቁበት። አንባቢውም አብሮ ይስቃል፣ ያልፋል። ፍንጭ ከቀልድ ሥር ሲቀበር የሚያነሳው የለም። ያልተከፈተውን የጨው ከረጢት ደግሞ መደርደሪያው ላይ ካሉት ዕቃዎች መሐል፣ በዝርዝሩ መጀመሪያም መጨረሻም ሳይሆን፣ አስቀምጡት። ተጠርጣሪዎች አራት ወይም አምስት ይበቃሉ፤ ከዚያ በላይ ሲሆኑ አንባቢ ስም መቁጠር ይጀምራል።

መጽሐፉ መጨረሻ ላይ የምግብ አሠራር ማስገባት የዘውጉ ልማድ ነው። የዳቦ ቤቱን መጠን እንዳለ አትገልብጡ። ሁሉን ነገር ከዱቄቱ ክብደት በመቶኛ አስሉት፦ ውሃ 65፣ ጨው 2፣ እርሾ 1። ለ500 ግራም ዱቄት 325 ግራም ውሃ፣ 10 ግራም ጨውና 5 ግራም እርሾ ይሆናል። የመጋገሪያው ጊዜ ግን በዚህ ስሌት አይከፈልም፤ እሱን የሚወስነው የአንዱ ዳቦ መጠን ነው። እናም «ጨው ከረሳችሁ ሊጡ ይለጠፋል» የሚል ማስጠንቀቂያ እንዳትጨምሩ። ልቦለዱን ሳይጀምር መጀመሪያ አሠራሩን የሚገልጥ አንባቢ ብዙ ነው፤ ገዳዩን በሊጥ አሠራር ገጽ ላይ አሳልፋችሁ ትሰጡታላችሁ።