የገና መልእክት፦ ወንድሙን ጥሎ ያልሄደው ልጅ

እንኳን ለጌታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ! ጾመ ነቢያትን ለጨረሳችሁም፣ ጀምራችሁ መሃል ላይ ለተዋችሁትም፣ የሌሊት ፈረቃ ይዟችሁ ቅዳሴው ላመለጣችሁም። በየዓመቱ ደውላችሁ «እንኳን አደረሳችሁ» ለምትሉን ሙስሊም ወዳጆቼም ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

እዚህ አሜሪካ ገናን የምንጠብቀው ትንሽ በተምታታ ስሜት ነው። የፈረንጆቹ ገና ታኅሣሥ 16 ላይ ያልፋል። ጎረቤት ሁሉ ዛፉን አውጥቶ ደጅ ሲጥል እኛ ገና ሽሮና ምስር ላይ ነን። በዓላችን ሲመጣ ደግሞ አለቃ ፈቃድ ካልሰጠ የሥራ ቀን ነው። እና በእነዚያ መሃል ቤት ቀናት ቴሌቪዥኑ ከጠዋት እስከ ማታ የሚያሳየው ነገር አለ፤ የኮሌጅ ፉትቦል። የእኛን እግር ኳስ ማለቴ አይደለም። ሞላላ ኳስ ይዘው፣ የራስ ቁር አጥልቀው የሚላተሙበትን ነው። «ቦውል» የሚባሉት የዓመቱ ማሳረጊያ ጨዋታዎች ልክ በጾማችን መጨረሻ ሳምንታት ላይ ይወድቃሉ። እኔን ያስለመዱኝ የእህቴ ልጆች ናቸው። እናታቸው አሁንም አልወደደችውም፤ «ጭንቅላት የሚመታበት ጨዋታ ምን ጨዋታ ነው?» ትላለች። ተሳስታለች ብዬ አልከራከራትም።

ዘንድሮ ለገና የማካፍላችሁ ከዚሁ ጨዋታ የወጣ የሁለት መንትዮች ታሪክ ነው። ሻኪም ግሪፊን እና ሻኪል ግሪፊን ይባላሉ። ስማቸው እንዳይምታታባችሁ፤ አንድ እጅ ያለው ሻኪም ነው። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

የተወለዱት በ1995 ነው፤ ያደጉት ፍሎሪዳ ውስጥ ሴንት ፒተርስበርግ በምትባል ከተማ። ሻኪም ገና በእናቱ ማህፀን ሳለ ፅንሱን ከሚሸፍነው ስስ ገለፈት የተላቀቀ ክር መሰል ነገር የግራ እጁን ጠመጠመው። እጁ ሳያድግ ቀረ። ጣቶቹ በደንብ አልተሠሩም፣ ሕመሙ ግን ነበር። አንድ ነገር በነካ ቁጥር ያቃጥለዋል። አራት ዓመቱ ላይ አንድ ሌሊት ሕመሙ ሲበዛበት ተነሥቶ ወደ ወጥ ቤት ሄደ። እናቱ ስትደርስ ቢላዋ ይዞ አገኘችው። ጣቶቹን ሊቆርጣቸው ነበር። ብዙም ሳይቆይ ሐኪሞች እጁን ቆረጡለት።

ይህን ታሪክ የሚያወሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ይዘገያሉ። ቢላዋው ላይ፣ እንባው ላይ። እኔን የያዘኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ልጁ ፋሻው ሳይፈታ ግቢ ወጥቶ ኳስ መጫወት ጀመረ። አባቱም «ተው፣ አርፈህ ተቀመጥ» አላለውም። ከወንድሙ እኩል እንዲሠራ አደረገው። መኪና እየጎተተ የሚተዳደር ሰው ነበር፤ ለልጁ የተለየ የስፖርት ዕቃ ከየት ይገዛል? እንጨት ቆርጦ፣ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ የግራ ክንዱ ከቀኙ እኩል ብረቱን እንዲገፋ የሚያስችል ነገር በራሱ ሠራለት። ልጁ በዚያ ብረት ማንሳት ተማረ።

ሰፈር ውስጥ ኳስ ሲጀምሩ ጨዋታው ለሁለት እጅ ሰው ነው ያሉ ትልልቅ ሰዎች አልጠፉም። ይህ ይገርማችኋል? እኔን አልገረመኝም። እኛም ዘንድ አካል ጉዳት ያለበትን ልጅ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የሚያስገቡ ቤቶች እንደነበሩ፣ ዛሬም እንዳሉ፣ ሁላችንም እናውቃለን። ያ ቤት ግን ልጁን ጓዳ አላስገባውም። ከመንታ ወንድሙ ጎን አቆመው።

አሁን ወደ ኮሌጁ ልግባ። በአሜሪካ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በፉትቦል ጎበዝ ከሆነ የዩኒቨርሲቲ አሰልጣኞች እቤቱ ድረስ ይመጣሉ። ስኮላርሺፕ ይሰጡታል፤ ትምህርቱ፣ መኝታው፣ ምግቡ ሁሉ ይሸፈናል። ያኔ ከዚያ ውጭ ገንዘብ መቀበል ክልክል ነበር። ለድሃ ቤተሰብ ግን ስኮላርሺፑ ራሱ ሎተሪ ነው። ለሻኪል ጥያቄው መጣለት። ፈጣን ነው፣ ሁለት እጅ አለው፣ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ፈለጉት። ወንድሙን ግን አልፈለጉም። ሻኪል ደግሞ ቃል ነበረው፤ ሁለታችንንም የሚወስድ ካልሆነ አልሄድም የሚል። በመጨረሻ ሁለቱንም የጠየቀው ኦርላንዶ ያለው የሴንትራል ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዩሲኤፍ ይሉታል። በፉትቦል ዓለም ከትልልቆቹ ተርታ የሚጠራ ስም አልነበረም። በ2013 ሁለቱም እዚያ ገቡ።

እስቲ አስቡት። አሥራ ሰባት፣ አሥራ ስምንት ዓመት። በር ላይ የቆመውን ትልቅ ስም በወንድምህ ምክንያት «አይ» ማለት። እኔ በዚያ ዕድሜ ብሆን ምን አደርግ ነበር ብዬ ራሴን ጠይቄ፣ መልሱን ለራሴ ብቻ ይዤዋለሁ።

ታሪኩ እዚህ ጋ ቢያልቅ ያምር ነበር። አላለቀም። ሻኪም ዩሲኤፍ ከገባ በኋላ ማንም አላየውም። የመጀመሪያውን ዓመት ሳይጫወት ልምምድ ብቻ እየሠራ አሳለፈ፤ ይህ ብዙ ጀማሪ ላይ የሚደርስ ነው። ቀጥለው በመጡት ሁለት ዓመታት ግን ወንድሙ ሜዳ ውስጥ ስሙ እየተጠራ፣ እሱ ዳር ቆሞ ይመለከት ነበር። አንዱን የበጋ እረፍት ከቡድኑ ርቆ፣ ሴንት ፒተርስበርግ ተመልሶ፣ ከአባቱ ጋር መኪና ሲጎትት ከረመ። እዚህ ያለን ሰዎች የዚያን ሥራ ጣዕም እናውቀዋለን። ትምህርት ቤት ለመግባት የመጣ ሰው፣ ጓደኞቹ ክፍል ውስጥ ሆነው፣ እሱ ሌላ ቦታ ቱታ ለብሶ ይውላል። የከፋው ድካሙ አይደለም። «እኔ ተረስቻለሁ» የሚለው ሐሳብ ነው።

በ2015 ዩሲኤፍ 12 ጨዋታ አድርጎ 12ቱንም ተሸነፈ። አንድም አላሸነፈም። እንዲያም ሆኖ ሻኪምን ሞክረን እንየው ያለ አልነበረም።

ከዚያ ስኮት ፍሮስት የሚባል አዲስ አሰልጣኝ መጣ። ሻኪምን ከኋላ መስመር አውጥቶ ላይንባከር አደረገው፤ ወደ ኳርተርባኩ (ኳሱን ወርውሮ ማጥቃቱን ወደሚመራው ተጫዋች) ሮጦ የሚጥል፣ መንገድ የሚዘጋ ተከላካይ ማለት ነው። በዚያው በ2016 የውድድር ዘመን ሻኪም ኳርተርባኮችን 11.5 ጊዜ ጣለ (ግማሹ ከሌላ ሰው ጋር ተጋግዞ የጣለው ሲቆጠር ነው)። የሊጋቸው የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ተባለ።

እና እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ከሚለው የምለየው። ይህን ልጅ እየጠቀሱ «ከፈለግክ የሚያቅትህ ነገር የለም» የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ አልዋጥልህ ይለኛል። በ2015 የነበረው ሻኪም እና በ2016 የነበረው ሻኪም አንድ ሰው ናቸው። ያው እግር፣ ያው ልብ፣ ያው አንድ እጅ። ፈቃዱ በአንድ ክረምት አልጨመረም። የተለወጠው የሚያየው ሰው መገኘቱ ነው። ፍሮስት ባይመጣ ኖሮ ያው ጀግንነት ዳር ቆሞ ይቀር ነበር፤ እኛም ስሙን አንሰማም። ዳር ቆመው የቀሩ ስንት ጀግኖች አሉ! ስለዚህ ልጁን ሳደንቅ እንጨቱን የቆረጠውን አባትም፣ ብቻዬን አልሄድም ያለውን ወንድምም፣ አሰላለፉን የቀየረውን አሰልጣኝም አብሬ ነው የማደንቀው።

2017 ደግሞ ዩሲኤፍ 13 ተጫውቶ 13 አሸነፈ። ከሁለት ዓመት በፊት ባዶ የነበረው ቡድን ማለት ነው! የመጨረሻዋ ጨዋታ ጥር 1 ቀን 2018 አትላንታ ላይ ተደረገች፤ ፒች ቦውል። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 23 ቀን 2010፣ ለገና ስድስት ቀን ሲቀር። ተጋጣሚው የኦበርን ዩኒቨርሲቲ ነበር። ኦበርን በዚያው ዓመት ሁለቱን ኃያላን፣ አላባማንና ጆርጂያን፣ አሸንፏል። ዩሲኤፍ 34 ለ 27 ረታው። ሻኪም 12 ጊዜ ተጋጣሚ ጥሎ የጨዋታው ምርጥ ተከላካይ ሆነ።

ግን ዋንጫ የለም። ያኔ ለዋንጫ የሚወዳደሩት በኮሚቴ የሚመረጡ አራት ቡድኖች ብቻ ነበሩ፤ ዩሲኤፍን «የገጠማችሁት ደካማ ቡድን ነው» ብለው አላስገቡትም። በፍጻሜው የተገናኙት እነማን ይመስላችኋል? አላባማና ጆርጂያ። ሁለቱም በኦበርን የተሸነፉ! የዩሲኤፍ ሰዎችም ቁጭ ብለው አላለቀሱም። «ሻምፒዮኖቹ እኛ ነን» ብለው በራሳቸው አወጁ፤ ዲዝኒ ወርልድ ድረስ ሄደው በሰልፍ ጨፈሩ። ብዙ ሰው ሳቀባቸው። እኔ ግን ደስ ነው ያለኝ። እኛም «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እንላለን እኮ። ሩሯ በምትለጋበት ሜዳ ጌታና ሎሌ እኩል ነው፤ ኮሚቴ የለም። (በነገራችን ላይ ከ2024 ጀምሮ ውድድሩ ወደ 12 ቡድን ሰፍቷል። ፍጻሜውም እየገፋ ጥምቀት አጠገብ ደርሷል። የእህቴ ልጆች ከታቦቱ ወደ ስታዲየሙ እንዳይሮጡ ነው ፍርሃቴ።)

ቀሪውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ባለሙያ ተጫዋቾች ከሚመረጡበት በፊት ኢንዲያናፖሊስ ላይ ፈተና አለ። ሻኪም መጀመሪያ አልተጠራም ነበር፤ በኋላ ጠሩት። ሰው ሠራሽ እጅ አጥልቆ 102 ኪሎ ብረት 20 ጊዜ ገፋ። ከዚያ 36 ሜትር ተኩል ገደማ በሆነችው ሩጫ 4.38 ሰከንድ ገባ። ላይንባከር እንዲህ ሲሮጥ በዚያ ፈተና ታይቶ አይታወቅም ነበር ማለት ይቻላል። ከአንድ ዓመት በፊት ወንድሙ ሻኪል በዚያው ቦታ ስንት ሰከንድ እንደገባ ታውቃላችሁ? 4.38።

ሻኪልን በ2017 ሲያትል ሲሆክስ የሚባለው የባለሙያዎች ቡድን ወስዶታል። በ2018 ሻኪም በ141ኛ ተራ ሲጠራ፣ የጠራው ቡድን ያው ሲያትል ነበር። በዚያ ዓመት መስከረም ላይ ዴንቨር ውስጥ የመጀመሪያ ጨዋታውን ሲጀምር ወንድሙም ሜዳው ላይ ነበር። ኮከብ ሆነ ብዬ አልዋሻችሁም። ለሲያትል ሦስት የውድድር ዘመን ተጫውቶ በ2022 ጨዋታ አቆመ። ሻኪል ከእሱ የበለጠ ቆይቷል፣ የበለጠም ተከፍሎታል። የሚታወቀው ግን ሻኪም ነው። የሻኪልን ስም የሚያነሣው ጥቂት ሰው ነው።

ይህን መልእክት ያጻፈኝም እሱው ነው። በየቤታችን አንድ ሻኪል አለ። እዚህ ቀድሞ መጥቶ፣ ትምህርቱን ለነገ እያለ፣ ታናናሾቹን አንድ በአንድ ያስመጣ። ቤሩትና ሪያድ ሆና ለወንድሟ የኮሌጅ ክፍያ የምትልክ። ምርቃቱ ላይ ፎቶ ውስጥ የማትገኝ፣ ምክንያቱም ያን ቀን ሥራ ላይ ናት። በዓል ሲመጣ ዶሮና በግ የሚገዛው በእነሱ ገንዘብ ነው፤ ምርቃቱ ግን ለአባወራው ይሄዳል። የእኔም ታላቅ እህት እንደዚያ ናት። ያቺው ፉትቦል የማትወደዋ። እትዬ፣ ይህን ካነበብሽ፣ ገባኝ ማለት ነው።

ዘንድሮ በዓሉ የሥራ ቀን ላይ የዋለባችሁ፣ ዶሮ ወጡን ለቅዳሜ ያዛወራችሁ፣ ምንም አይደለም። ዳር ቆማችሁ ተራችሁን የምትጠብቁ ወጣቶችም፣ የሚያያችሁ ሰው ፈጥኖ ይምጣላችሁ። እኔ ለሊቱን ገብቼ ጠዋት ነው የምወጣው። ቡናው ከዘገየ ደውሉ፣ በመንገዴ ላይ ነኝ።

መልካም ገና!