ቀድሞኝ የደረሰው ውሃ

የመጀመሪያው የሩታይል (አንዱ የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ዓይነት) ክሪስታሌ ከማሸጊያው ሲወጣ እንደ መስታወት ብርሃን አሳላፊ ነበር፤ ርዝመቱ 10፣ ስፋቱ 5 ሚሊሜትር። ቫኪዩም ቻምበር ውስጥ አስገብቼ በአርጎን አዮን ላዩን ልጬ፣ ወደ 600 ዲግሪ ሴልሺየስ አግዬ፣ ይህንኑ ደጋግሜ ሳበቃ ሰማያዊ ሆኗል። ሰማያዊነቱ ኦክስጅን የማጣቱ ምልክት ነው። ባያጣማ ሥራው ራሱ አይሠራም፤ ያልተነካ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ የእኔ ማይክሮስኮፕ ደግሞ የሚያየው በመርፌውና በክሪስታሉ መካከል በሚሾልክ ኤሌክትሪክ ነው።

የዶክትሬት ጥያቄዬ አጭር ነበር፤ ውሃ እዚህ ገጽ ላይ ሲያርፍ ሳይነካ ይቀመጣል ወይስ ይሰነጠቃል? ጃፓናውያኑ ፉጂሺማና ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1972 በዚሁ ቁስና በብርሃን ውሃን መክፈል እንደሚቻል ካሳዩ ወዲህ ስንቱ የደከመበት ጥያቄ ነው።

ምስሉ የታረሰ ማሳ ይመስላል፤ አንድ ብሩህ ትልም፣ አንድ ጨለማ ትልም። ከፍ ብለው የተደረደሩት ኦክስጅኖች ጨልመው፣ ዝቅ ያሉት ቲታኒየሞች ያበራሉ። በጨለማው ትልም ላይ ፈዘዝ ያሉ ነጠብጣቦች አየሁ። ኦክስጅን የጎደለባቸው ክፍተቶች ናቸው ብዬ ቆጠርኳቸው፤ ለሳምንታት ቆጠርኩ። ከዚያ ውሃ በትነት አስገባሁ። ምንም አልተለወጠም። «ክፍተቱ ውሃ አይሰነጥቅም» ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ።

ስህተቴን ያሳየኝ አንድ ከሰዓት ነው። ቮልቴጁን ወደ 3 ቮልት ከፍ አድርጌ መርፌውን ባሳለፍኩበት መስመር ላይ ያሉት ነጠብጣቦች በሙሉ ጠፉ። ከወንበሬ ተነሳሁ። የጎደለ አቶም በመርፌ አይሞላም፤ የጠፋው ነገር ተነቃይ መሆን አለበት፣ ያ ደግሞ ሃይድሮጅን ነው። ስቆጥር የከረምኩት ክፍተትን ሳይሆን ሃይድሮክሲልን፣ ማለትም ሃይድሮጅን የተጣበቀበትን ኦክስጅን ነበር። የዴንማርኩ የኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2005 ሁለቱን ለይቶ አሳይቷል፤ ጽሑፉን አንብቤው ነበር፣ ግን የእኔን ምስል ይመለከታል ብዬ አላሰብኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የውሃ ሞለኪውል ክፍተቱን ሲያገኝ ኦክስጅኑ ጉድጓዱን ይደፍናል፣ አንዱ ሃይድሮጅን ወደ ጎረቤት ኦክስጅን ይሻገራል፤ ከአንድ ክፍተት ሁለት ሃይድሮክሲል ይወለዳል። ለዚህ ብዙ ውሃ አያስፈልግም። በቻምበሩ የቀረው ግፊት የአንድ ሚሊባር 10 ቢሊዮንኛ ቢሆንና ሁሉም ውሃ ቢሆን፣ ገጹን አንድ ጊዜ ለመሸፈን አራት ሰዓት ገደማ ይበቃል። ክፍተቶቹ ግን ከገጹ ቦታዎች ከአሥር እጅ አንዱን እንኳ አይሞሉም፤ ውሃውም በቲታኒየሙ ትልም እየተንሸራተተ ይፈልጋቸዋል። እኔ ክሪስታሉ እስኪቀዘቅዝ አንድ ሰዓት እጠብቅ ነበር። በዚያ ሰዓት ውሃው ሥራውን ጨርሷል።

እንደገና ጀመርኩ። ቻምበሩን በ150 ዲግሪ ሁለት ቀን አጋገርኩ፤ ግድግዳው ላይ የተጣበቀ ውሃ በፓምፕ ብቻ አይወጣም። ምስል ከማንሳቴ በፊት ክሪስታሉን ለአፍታ ወደ 300 ዲግሪ አደርሰው ጀመር፣ ሃይድሮክሲሎቹ ተገናኝተው ውሃ ሆነው እንዲወጡ፤ ከ220 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ይለቃሉ። የማስገባውንም ውሃ እያቀዘቀዝኩና እየመጠጥኩ አየሩን አወጣሁለት፤ አብሮ የሚገባ ኦክስጅን ሃይድሮክሲሉን ስለሚያጠፋው።

ይህን ሥራ ለምትጀምሩ አጥብቄ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ በእያንዳንዱ ምስል ጥግ ከሙቀቱ ወዲህ ስንት ደቂቃ እንዳለፈ ጻፉ። ያ ቁጥር የሌለበት ምስል ምን እንደሚያሳይ ማንም ሊነግራችሁ አይችልም። እኔ ከ200 በላይ እንዲህ ያለ ምስል ጥያለሁ። የክሪስታሉን ቀለምም መዝግቡ፤ ሰማያዊው በጠቆረ ቁጥር ክፍተቱ ይበዛል፣ በመጋቢት የለካችሁት ገጽ የጥቅምቱ ገጽ አይደለም።

በአዲሱ አሠራር መጀመሪያ ያነሳሁት ምስል ላይ ነጠብጣቦቹ ከቀድሞዎቹ ይልቅ የደበዘዙ ነበሩ፤ መርፌውን በ3 ቮልት ባሳልፍም ከቦታቸው አልጠፉም። ትንሽ ውሃ ለቀቅኩ። እዚያው ቦታ ላይ መርፌው መስመር በመስመር ሲመለስ፣ አንዷ ደብዛዛ ነጠብጣብ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ብሩህ ነጠብጣቦች ሆና አገኘኋት።