በሦስት አባዝቶ አንድ መደመር

ሕጉ በአንድ ትንፋሽ ተነግሮ ያልቃል። ከዜሮ የሚበልጥ ሙሉ ቁጥር ምረጡ። ተጋማሽ ከሆነ ለሁለት ክፈሉት። ጎዶሎ ከሆነ በሦስት አባዙትና አንድ ደምሩበት። የወጣውን ቁጥር ይዛችሁ ያንኑ ድገሙ። ከ7 ብንነሳ 22፣ 11፣ 34፣ 17፣ 52፣ 26፣ 13፣ 40፣ 20፣ 10፣ 5፣ 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1 ይመጣል። ከየትኛውም ቁጥር ብንነሳ 1 ላይ እንደርሳለን ወይ? ጥያቄው ይሄው ነው። አዎ ብሎ ያረጋገጠ የለም፣ ሕጉን የሚያፈርስ ቁጥር ያገኘም የለም። ብዙውን ጊዜ የጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ የሎታር ኮላትዝ ስም ይጠራበታል፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1937 ይባላል።

እኔን የያዘኝ 27 ነው። 26 በ10 እርምጃ ያልቃል፣ 28 በ18። 27 ግን አንዴ ከጀመረ እየወጣ፣ ትንሽ እየወረደ፣ እንደገና እየወጣ 9232 ድረስ ይሄዳል፤ 1 ላይ የሚደርሰው በ111 እርምጃ ነው። በእጄ ነበር የሠራሁት። ስጨርስ 1 ላይ ስለደረስኩ ልክ ነኝ አልኩ። በማግስቱ ስደግመው ግን የእርምጃው ብዛት አልገጠመም። መሀል ላይ አንድ ማባዛት ስቻለሁ፣ የተሳሳተውም ቁጥር ያው 1 ላይ ወስዶኛል። ይሄ ነገር ብዙ አሳሰበኝ፤ ምክንያቱም እዚህ ጥያቄ ላይ ስህተት ራሱን አያጋልጥም፣ መጨረሻው ሁሌም ያው ስለሆነ መልሱን አይቶ ሥራን ማረም አይቻልም። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ረድፍ ሁለት ጊዜ ሳልሠራ አላልፍም።

ከዚያ ለሰው ማውራት ጀመርኩ። መጀመሪያ ሁሉም "ይሄማ ቀላል ነው" ይላል። ከዚያ እስክሪብቶ ይጠይቃል። ማታ ደውሎ "አገኘሁት" ያለኝ ሰው አለ፣ ያገኘው ግን 16፣ 32፣ 64 ዓይነት ቁጥሮች ቀጥ ብለው እንደሚወርዱ ነው። እሱ እውነት ነው፤ ችግሩ ሌሎቹ ሁሉ ከእነዚህ በአንዱ ላይ ማረፋቸውን ማሳየት ነው፣ እሱ ደግሞ ራሱ ጥያቄው ነው። "ምን ይጠቅማል?" ያሉኝም ነበሩ። ለእነሱ የምለው ብዙ የለኝም። እኔ የምፈልገው መባዛትና መደመር አንድ ላይ ሲሆኑ ለምን እንዲህ እንደሚያስቸግሩን ማወቅ ነው፣ ያ ለእኔ በቂ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ ፕሮግራም ጻፍኩ። ከ1 ጀምሮ አንድ ሚሊዮን ድረስ እያንዳንዱን ቁጥር የሚፈትሽ፣ አሥር መስመር የማይሞላ ኮድ ነው። በፍጥነት ሄደ፣ ሄደ፣ 113383 ላይ ቆመ። ጠበቅኩ። አይንቀሳቀስም። ልቤ እንዴት እንደመታ ዛሬም ትዝ ይለኛል፤ በዚያች ሰዓት ዓለም ያላየውን ቁጥር ያየሁ መስሎኝ ነበር። እያንዳንዱን እርምጃ እንዲያትም አደረግኩት። በመሀል አንድ ቁጥር ከዜሮ በታች ሆኖ ብቅ አለ። አዎንታዊ ቁጥር በሦስት ተባዝቶ አንድ ተደምሮበት እንዴት ከዜሮ በታች ይሆናል? ነገሩ የኮምፒውተሩ ነው። ለቁጥሮቹ የመደብኩት ቦታ 32 ቢት ነበር፣ እሱ የሚይዘው እስከ 2147483647 ነው፣ 113383 ደግሞ ወደ ላይ ሲወጣ 2482111348 ይደርሳል። ሞልቶ ፈሰሰና ከዜሮ በታች ሆኖ ተነበበ ማለት ነው። ቦታውን ወደ 64 ቢት ሳሰፋው ያለ ችግር 1 ላይ ወረደ። ከአንድ ሚሊዮን በታች ረጅሙ መንገድ የ837799 ሆኖ ተገኘ፤ 524 እርምጃ።

ትልቁ ትምህርቴ የመጣው ግን "ማረጋገጫ" በጻፍኩ ጊዜ ነው። ሐሳቡ እንዲህ ነበር። ጎዶሎ ቁጥር በሦስት ተባዝቶ አንድ ሲደመርበት ሁሌም ተጋማሽ ይሆናል፣ ስለዚህ ቢያንስ አንዴ ይካፈላል። አንዳንዴ ሁለቴ፣ አንዳንዴ ሦስቴ ይካፈላል፣ በአማካይ ሲታይ ሁለት ጊዜ። በሦስት ተባዝቶ ለአራት የተከፈለ ቁጥር ደግሞ ያንሳል። ስለዚህ ሁሉም ቁጥር ይወርዳል። አራት ገጽ ሞላሁ፣ እንቅልፍም አልወሰደኝም።

ጠዋት ለሥራ ባልደረባዬ አሳየኋት። የሒሳብ ሠራተኛ ናት፣ ቀኑን ሙሉ ከገቢና ወጪ ጋር ነው የምትውለው። ዝም ብላ አንብባ "አንድ ከሚደመር አንድ ቢቀነስስ? ያም በዚሁ ይረጋገጣል?" አለችኝ። አዎ፣ ቃል በቃል ይረጋገጣል፣ አማካዩ ያው ነው አልኳት። ከዚያ እዚያው አብረን ከ5 ተነሳን፦ 14፣ 7፣ 20፣ 10፣ 5። ዞሮ ገጠመ። መቼም 1 ላይ አይደርስም። ከ17 የሚነሳም ሌላ፣ ረዘም ያለ ቀለበት አለ። እንግዲህ ማረጋገጫዬ ውሸት የሆነን ነገርም "ያረጋግጣል" ማለት ነው፣ ስለዚህ ምንም አላረጋገጠም። አማካይ ስለ ብዙዎቹ ይናገራል፣ አንድ የተለየ ቁጥር ግን አማካዩን የመከተል ግዴታ የለበትም።

ያን ቀን ጠዋት አዘንኩ፣ ግን ከሁሉም ሰው ምላሽ የሷን ነው የማከብረው። አሁን አዲስ ሐሳብ ሲመጣልኝ ገና ሁለት መስመር ሳልጽፍ በመቀነሱ ሕግ ላይ እሞክረዋለሁ። አብዛኛው እዚያው ይወድቃል። ብዙ ጊዜ ቆጥቦልኛል።

"ኮምፒውተር እኮ ጨርሶታል" የሚሉኝ ሰዎችም አሉ። እርግጥ እ.ኤ.አ. በ2020 ፍተሻው ከ2 ኃይል 68 በታች ያለውን ሁሉ አዳርሷል፣ ያ 21 አሃዝ ያለው ቁጥር ነው። አንድም አላፈነገጠም። ለእነሱ የማነሳው የሒሳብ ሊቁ ጆርጅ ፖሊያ እ.ኤ.አ. በ1919 ስለ ሙሉ ቁጥሮች ያቀረበውን ሌላ ግምት ነው። እሱም ሲፈተሽ ሲፈተሽ ልክ ይመስል ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ1958 ግን ስህተት መሆኑ ታወቀ። የሚያፈርሰው ትንሹ ቁጥር 906150257 ነው። እዚያ ከመድረሱ በፊት ያቆመ ሰው ሁሉ በስህተት እርግጠኛ ሆኖ ይኖር ነበር።

የሒሳብ ሊቁ ቴረንስ ታኦ እ.ኤ.አ. በ2019 በኮላትዝ ሕግ ከሞላ ጎደል ሁሉም ቁጥሮች ውሎ አድሮ ከመነሻቸው እጅግ ዝቅ እንደሚሉ አሳይቷል። "ከሞላ ጎደል" የምትለዋን ቃል መጀመሪያ ሳነባት ዝም ብዬ አልፌያት ነበር። አሁን ግን አራት ገጼ የወደቀው እሷ ላይ መሆኑን አውቃለሁ።

ሰሞኑን ደግሞ በሦስት ማባዛቱን ትቼ በአምስት እያባዛሁ አንድ እደምራለሁ። 13 ዞሮ ራሱ ላይ ይመለሳል። 7 ግን 36፣ 18፣ 9፣ 46፣ 23፣ 116 እያለ ይወጣል፣ ትንሽ ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል። ለዘላለም ይወጣል ብሎ ያረጋገጠ ሰውም የለም። ፕሮግራሙን ሳላቆመው ነው ወደ ሥራ የወጣሁት።