የአቀንጭራ ቆጠራና የስታቲስቲክስ ሞዴል ምርጫ

ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፌ በማሽላ ማሳ ላይ የበቀለውን አቀንጭራ (የማሽላን ሥር ተጣብቆ የሚመገብ ጥገኛ አረም) በየፕሎቱ (ማሳው በተከፈለባቸው የሙከራ ቁራሾች) ስቆጥር፣ በአንዱ ፕሎት አንድም ሳላገኝ አጠገቡ ባለው ከመቶ በላይ የማገኝበት ጊዜ ነበር። መረጃው በሻፒሮ-ዊልክ ፈተና ኖርማል (በአማካዩ ዙሪያ በደወል ቅርጽ የተሰራጨ) እንዳልሆነ ሲታይ፣ እንደተማርኩት፣ የዜሮ ሎጋሪዝም ስለሌለ በእያንዳንዱ ቁጥር ላይ 1 ደምሬ፣ ሎጋሪዝሙን ወስጄ አኖቫ (የማሽላ ዝርያዎቹን አማካይ የሚያነጻጽር ስሌት) ሠራሁ። ዛሬ ቢሆን እንዲህ አላደርግም፤ ብዙ ተማሪዎች አሁንም በዚያው መንገድ ሲሄዱ ስለማይ ምክንያቱን መጻፍ ፈለግሁ።

በቅድሚያ፣ ለአኖቫ ኖርማል መሆን የሚጠበቅበት ጥሬው መረጃ ሳይሆን የዝርያና የብሎክ (አጠገብ ለአጠገብ ያሉ ፕሎቶች ስብስብ) ልዩነት ከተነሣለት በኋላ የሚተርፈው ቅሪት ነው። እኔ የፈተንኩት ጥሬውን ነበር።

ሎጋሪዝም መውሰድ ደግሞ የምንጠይቀውን ጥያቄ ራሱን ይለውጠዋል። ለምሳሌ በአራት ፕሎቶች 0፣ 3፣ 8 እና 99 አቀንጭራ ቢቆጠር አማካዩ 27.5 ነው። 1 ደምረን፣ የሎጋሪዝሙን አማካይ አውጥተን ወደ ቀድሞው መለኪያ ስንመልሰው ግን የምናገኘው 6.7 ገደማ ነው። ገበሬውን ክፉኛ የሚጎዳው 99 የበቀለበት ቦታ ሆኖ ሳለ፣ ስሌቱ ድምፁን ያሳንሰዋል። በ1 ፋንታ 0.5 ብንደምር ውጤቱ እንደገና ይለወጣል፤ ለየትኛውም ምርጫ ከማሳው የሚመጣ ምክንያት የለንም።

እኔ አሁን የምጀምረው ቁጥሩ እንዴት እንደተፈጠረ ከመጠየቅ ነው። አንድ አቀንጭራ እንደ ብናኝ የደቀቀ ዘር በአሥር ሺዎች ይጥላል፤ ዘሩ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆይና የማሽላው ሥር የሚያመነጨው ኬሚካል ሲደርሰው ይበቅላል። ዘሩ በማሳው ላይ እኩል ስለማይበተን ቆጠራው እዚህ ይከማቻል፣ እዚያ ይሳሳል። ለቆጠራ የተለመደው የፖይሰን ሞዴል ቫሪያንሱ (ቁጥሮቹ ምን ያህል እንደተራራቁ የሚለካው) ከአማካዩ ጋር እኩል ነው ብሎ ስለሚነሣ ይህን መከማቸት አይችለውም፤ ቫሪያንሱ የአማካዩ 9 እጥፍ ቢሆን፣ ሞዴሉ የሚሰጠን ስታንዳርድ ኤረር (ግምቱ ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል የሚለካው) ሊሆን ከሚገባው ሲሶ ብቻ ይሆናል፣ የሌለ ልዩነትም ያለ ይመስለናል። ነጌቲቭ ባይኖሚያል የተባለው ሌላ የቆጠራ ሞዴል ግን ቫሪያንሱ ከአማካዩ በላይ እንዲያድግ ስለሚፈቅድ ለአቀንጭራ የተሻለ ይስማማል። የስታቲስቲክስ ሊቃውንቱ ኔልደርና ዌደርበርን በ1972 ባቀረቡት፣ እንዲህ ያሉ ሞዴሎችን በሚያቅፈው የጄኔራላይዝድ ሊኒየር ሞዴል ማዕቀፍ ሎጋሪዝሙ የሚወሰደው በሚጠበቀው አማካይ ላይ እንጂ በእያንዳንዱ ቆጠራ ላይ ስላልሆነ፣ ዜሮው ምንም ቁጥር ሳይደመርበት እንደተቆጠረ ይገባል።

ዜሮ ስለበዛ ብቻ ለዜሮ የተለየ ሞዴል ለመፈለግ መቸኮልም አይገባም፤ ነጌቲቭ ባይኖሚያል ራሱ ብዙ ዜሮ ሊያወጣ ይችላል። ከተገመተው ሞዴል በኮምፒዩተር ብዙ ሰው ሠራሽ መረጃ አመንጭቶ፣ የዜሮዎቹን ብዛትና ትልቁን ቆጠራ ከማሳው ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። ይልቅስ የሚያስቸግረው ሁሉም ፕሎቶቹ ዜሮ የሆኑበት ዝርያ ነው፤ የዜሮ ሎጋሪዝም ስለሌለ ግምቱ መቆሚያ ያጣል፣ ስታንዳርድ ኤረሩም ከመጠን በላይ ይገዝፋል፣ በማሳው ላይ ከሁሉ የበለጠ የተቋቋመው ዝርያም በሰንጠረዡ ላይ ከሌሎቹ እንደማይለይ ሆኖ ይወጣል። እንዲህ ሲሆን ያንን ዝርያ ከሞዴሉ አውጥቼ፣ በስንት ፕሎት ስንት እንደተቆጠረ በግልጽ እጽፋለሁ።