ወገሻው ያሸው ትከሻዬ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ እያለሁ በየወሩ ቀኝ ትከሻዬን ያመኝ ነበር። እማዬ "ብርድ መቶሽ ነው" ትላለች። ድሬ ላይ ብርድ! ማን ይከራከራታል። ዳማከሴ አጠጣችኝ፣ አልሻል ሲለኝ ወገሻ ዘንድ ወሰደችኝ። ክንዴን ሳብ አድርጎ "ቋ" አሰኘውና "ገባ" አለን። የወለቀ ነገር ግን አልነበረም።

ቶሮንቶ ከመጣሁ በኋላ ውጋት ተጨመረበት። ትንፋሽ ያጥረኛል፣ ሦስት ቀን ያሠቃየኝና ይተወኛል። አንዱ ሐኪም ጡንቻ ነው አለኝ፣ ሌላው ጭንቀት። የቲቢ ምርመራ አደረግኩ፣ ነጻ ነኝ። የወር አበባ ሕመሜ ድሮም አልጋ ላይ ስለሚጥለኝ በአልትራሳውንድ ታየሁ፤ እሱም ምንም የለም።

አንድ ሌሊት መጋዘን ውስጥ ፈረቃ ላይ ሆኜ መተንፈስ አቃተኝ። ቀኝ ሳንባዬ ተኮማትሯል፤ አየር በሳንባውና በደረቴ ግድግዳ መሀል ገብቷል። ጎኔን በስተው ቱቦ አስገቡልኝ። በሁለተኛው ወር ደገመኝ።

ለእማዬ ደውዬ ስነግራት ከጀርባዋ የባጃጅ ጡሩንባ ይሰማል። "አቦ፣ ድሮስ ሞዴስ ግዢልኝ ስትይ አልነበር ትከሻዬን የምትይው?" አለችኝ።

ስልኬ ላይ ቀኖቹን አየሁ። ሁለቱም ጊዜ የወር አበባዬ በመጣ በማግሥቱ ነው! ቀኖቹን በወረቀት ጽፌ ለሐኪሟ ሰጠኋት። ያን ሁሉ ዓመት አንድም ሐኪም አልጠየቀኝም፤ እኔም ማፈሬን አልክድም።

ኢንዶሜትሪዮሲስ ነው። የማህፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ሕዋስ ከማህፀን ውጭ ይበቅላል። አብዛኛውን ጊዜ ዳሌ አካባቢ ነው። አልፎ አልፎ ግን ደረትንና ሆድን የሚለየው ጡንቻ፣ ድያፍራም ላይ ይወጣል፣ ያውም በብዛት በቀኝ በኩል። የድያፍራም ነርቭ ከአንገት ስለሚነሳ ሕመሙ ትከሻ ላይ ይሰማል። ምስኪን ወገሻ፣ ይህን ከየት ይወቀው?

በጎኔ በኩል ካሜራ አስገብተው ሲያዩ ድያፍራሜ ላይ ቡናማ ነጠብጣብና ትንንሽ ቀዳዳዎች አገኙ። ቆርጠው አወጡት፣ ቀዳዳውን ሰፉት፣ ሳንባዬም ከደረቴ ግድግዳ ጋር እንዲጣበቅ አደረጉ። ተመልሶ ሊመጣ ስለሚችል ዲየኖጄስት የሚባል ሆርሞን በየቀኑ እውጣለሁ። የወር አበባዬ ቆሟል። "መቼ ነው የምትወልጂው?" ለሚሉኝ አክስቶቼ መልስ የለኝም፤ ልጅ ለመሞከር ክኒኑን ማቆም አለብኝ፣ እሱን ደግሞ እፈራለሁ።

ባለፈው ድሬ ስገባ እማዬ የጎኔን ጠባሳ በጣቷ ዳሰሰችው። "ወገሻውስ?" አልኳት።

"እሱማ ብሬን በልቶኝ ቀረ።"