የሰፍነጉ ቀስት

አምና መንዝ ውስጥ ባዮሎጂ ሳስተምር የገጠመኝ ነው። የዕለቱ ርዕስ ሰፍነግ ነበር። ተማሪዎቼ ቃሉን ያውቁታል፤ በስቅለት ሆምጣጤ የተሞላው ሰፍነግ ሲነበብ እየሰሙ ነው ያደጉት። የባሕር እንስሳ አጽም እንደሆነ ስነግራቸው ግን ክፍሉ ጸጥ አለ። ልብ የለው፣ አንጀት የለው፣ ነርቭ የለው፤ ምኑ ነው እንስሳ?

ሰሌዳው ላይ እንደ እንስራ አድርጌ ሣልኩት። ከላይ አንድ ሰፊ አፍ፣ ጎኑ ሁሉ ጥቃቅን ቀዳዳ። ሰዓት እያለቀብኝ ነበርና ቀስቶቹን ገለበጥኳቸው፤ ውኃው በሰፊው አፍ ገብቶ በጎን ወጣ። ፈተናውንም በዚያው አወጣሁ።

ሳርም አንዲት ልጅ ቀስቶቹን ከእኔ በተቃራኒ ሥላለች። በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አደረግሁባት። ወረቀት ስመልስ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች።

«ቲቸር፣ ውኃውን አጣርቶ ነው የሚመገበው ብለውናል። ወንፊት ከሆነ በጥቃቅኑ ነዋ መግባት ያለበት! በሰፊው ከገባማ አሸዋው ሁሉ ገብቶ ይደፍነዋል።»

መልስ አጣሁ። ነገ እነግርሻለሁ ብዬ ሸኘኋት።

ማታ መጽሐፍ ስገልጥ ልጅቷ ልክ ናት። ውኃ የሚገባው በጎን ቀዳዳዎች ነው። ውስጡን የለበሱት ሴሎች እያንዳንዳቸው አንድ ጅራፍ አላቸው። እሱን ሲያወናጭፉ ውኃው ይሳባል። በጅራፉ ሥር ያለው አንገትጌ ደግሞ ባክቴሪያውን ይይዛል። የተጣራው ውኃ በላይኛው አፍ ተስፈንጥሮ ይወጣል፤ ራቅ ብሎ ስለሚሄድም እንስሳው ያንኑ ውኃ መልሶ አይስብም። ሮበርት ግራንት የተባለ ስኮትላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1825 ሰፍነግን በማይክሮስኮፕ ሲመለከት በዓይኑ ያየው ይህንኑ ነው፤ ውኃ ከሰፍነጉ አፍ እንደ ምንጭ ሲፈልቅ።

በማግስቱ ስህተቱ የኔ እንደሆነ ለክፍሉ ተናገርኩ። ወረቀቶቹን ሰብስቤ እንደገና አረምኩ። ቀስቶቹን እንደኔው የሣሉትም ሙሉ ነጥብ አገኙ፤ ያስተማርኳቸውን ነው የጻፉት። ከዚያ ወዲህ ከሥዕሌ የተለየ መልስ ሳይ መጀመሪያ ልጁን ጠርቼ «ለምን?» እላለሁ።

ልጅቷን ሰሌዳው ጋ አወጣኋት። ቀስቶቼን በሹራቧ እጅጌ ጠረገችና የራሷን ሣለች። ጠመኔውን ሳትመልስ ዞር አለች።

«ነርቭ ከሌለው ጅራፎቹን ማን ነው የሚያዛቸው?»

ይህንንም ማታ አንብቤው ነበር። «ማንም» አልኳት። «እያንዳንዱ በየራሱ ነው የሚያወናጭፈው።»